የሜዳው ዕርጋታ

የእግር ኳስ ሜዳ የሰው ልጅ ጠባይ ተገልጦ የሚታይበት አደባባይ ነው። ኳስ የያዘ ተጫዋች የተመልካቹን ጩኸት፣ የባላጋራውን ግፊያና የራሱን ልብ ትርታ ሁሉ ችሎ በአንዲት ቅጽበት መንገዱን መምረጥ አለበት። ከጯሂው ጋር የሚጮህ ይሳሳታል፤ ረግቶ የሚመለከት ግን ክፍተቱን ያገኛል። ዋልተር ታል በዚህ ዓይነቱ ዕርጋታ የታወቀ ተጫዋች ነበር። ዕርጋታው ግን ከምቾት የተገኘ አልነበረም።

ታል እ.ኤ.አ. በ1888 ዓ.ም. ፎክስቶን በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከባርቤዶስ ደሴት የመጣ አናጢና የባሪያ ልጅ ሲሆን እናቱ እንግሊዛዊት ነበረች። 10 ዓመት ሳይሞላው ሁለቱንም በሞት ተነጠቀ። ከወንድሙ ከኤድዋርድ ጋር ለንደን ውስጥ ቤትናል ግሪን በተባለው ሠፈር ወደሚገኝ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ገባ። ኋላም ኤድዋርድን አንድ የግላስጎው ቤተሰብ ወስዶ ሲያሳድገው ወንድማማቾቹ ተለያዩ። ለዋልተር የቀረለት ኳሱ ነበር።

በ1909 ክላፕተን ከሚባለው ቡድን ጋር የአማተሮችን ዋንጫ ካገኘ በኋላ በዚያው ዓመት ለታላቁ ቶተንሃም ፈረመ። በጥቅምት ወር ቡድኑ ወደ ብሪስቶል ተጉዞ ሲጫወት ከተመልካቹ ከፊሉ በቆዳው ቀለም ምክንያት እጅግ ጸያፍ ስድብ አወረደበት። በቦታው የነበረ ጋዜጠኛ ስድቡን አውግዞ፣ በሜዳው ላይ ከነበሩት አጥቂዎች ሁሉ ብልጫ ያሳየው ታል እንደነበረና በአእምሮና በአጨዋወት ንጽሕናው ለነጮች ተጫዋቾች አርአያ ሊሆን እንደሚገባው ጻፈ። ይሁን እንጂ ታል ብዙም ሳይቆይ ወደ ተጠባባቂው ቡድን ወረደ። በ1911 ኸርበርት ቻፕማን የተባለው አሠልጣኝ ወደ ኖርዛምፕተን ወሰደውና በዚያ ከ100 በላይ ግጥሚያዎች ተጫወተ።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ታል በታኅሣሥ 1914 በእግር ኳስ ተጫዋቾች ስም በተቋቋመው የሚድልሴክስ ሬጂመንት 17ኛ ሻለቃ ውስጥ በፈቃደኝነት ተመዘገበ። ትናንት በሜዳ ባላጋራ የነበሩ ሰዎች ዛሬ አንድ ምሽግ ተጋሩ። ታል እስከ ሃምሳ አለቃነት ደረሰ፤ በ1916ም በሶም ግንባር ተዋጋ። የዚያ ዘመን የብሪታንያ ወታደራዊ ሕግ መመሪያ መኮንን ለመሆን ንጹሕ አውሮፓዊ ዘር ያስፈልጋል ይል ነበር። አለቆቹ ግን መድፍ በሚያጓራበት ቦታ ሰውየውን አይተውት ነበርና ለመኮንንነት ሥልጠና ላኩት። በግንቦት 1917 ምክትል መቶ አለቃ ተባለ። ወረቀቱ የከለከለውን ሥራው ፈቀደለት።

በ1918 መግቢያ ላይ በኢጣሊያ ግንባር 26 ሰዎችን እየመራ የፒያቬን ወንዝ በሌሊት ተሻገረና አንድም ሰው ሳይጎድልበት ተመለሰ። ጄኔራሉም ስለ ጀግንነቱና ስለ ዕርጋታው አመሰገኑት። በብሪስቶል የስድብ ውርጅብኝ ያላናወጠው ዕርጋታ በፒያቬ ወንዝ ላይ የ26 ሰዎች ሕይወት ጠባቂ ሆነ።

ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ መጋቢት 25 ቀን 1918 እ.ኤ.አ.፣ የጀርመን ጦር ታላቅ ማጥቃት በከፈተበት ወቅት፣ ፈረንሳይ ውስጥ ፋቭሪይ በተባለው መንደር አጠገብ በጥይት ተመትቶ ወደቀ። ዕድሜው 29 ነበር። የጦር ጓዱ፣ የሌስተር ግብ ጠባቂ የነበረው ቶም ቢሊንግሃም፣ በተኩስ መካከል ሬሳውን ሊያወጣ እንደ ሞከረ ይነገራል፤ የጠላት ጦር ስለ ደረሰበት ግን ሳይሳካለት ቀረ። ታል የታወቀ መቃብር የለውም፤ ስሙ በአራስ የመታሰቢያ ግንብ ላይ ከሌሎች በሺህ ከሚቆጠሩ ስሞች ጋር ተቀርጿል። በ1999 ደግሞ በኖርዛምፕተን ስታዲየም አጠገብ የመታሰቢያ ሐውልት ቆመለት።

ጦርነት የሚወስደው የተቆጠረውን ዕድሜ ብቻ አይደለም። ገና ያልተጫወታቸውን ግጥሚያዎች፣ ሊያስተምራቸው ይችል የነበሩትን ወጣቶች፣ ለወንድሙ ሊነግረው የሚችለውን ወሬ ሁሉ አብሮ ይወስዳል። ሐውልት ይህን ሊመልስ አይችልም። ሆኖም አንድ ነገር ሳይረሳ ሊቀር ይገባል፤ መመሪያው ሰውን በዘር ሲመዝን፣ በተኩስ መካከል ወደ ታል የሮጠው ግብ ጠባቂ ግን የሮጠው ወደ ጓዱ ነበር።