የየት ነው?

በርበሬ በረንዳ ሲደርሱ አፍንጫ ከዓይን ይቀድማል። ጆንያው ገና ሳይታይ ማስነጠስ ይጀምራል። አንዱ ሲያስነጥስ በአጠገቡ የሚያልፈው «ይማርህ» ይለዋል፤ እሱም «ያኑርህ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። በዚያ ሁሉ ግፊያ፣ ጫኝና አውራጁ «መንገድ! መንገድ!» እያለ በሚሮጥበት መሐል፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሲመራረቁ ይውላሉ። መርካቶን እንድወድ ከሚያደርጉኝ ትናንሽ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ዛላ በርበሬ ልገዛ ሄጄ ሻጯን ሁሉም ሰው የሚጠይቃትን ጠየቅኋት።

«የየት ነው?»

«የማረቆ ነው፣ እቴ።»

መርካቶ ላይ ከዋጋ በፊት የሚጠየቀው ይህ ነው። ቂቤው የሸኖ፣ ጤፉ የአድአ፣ ቡናው የጅማ፣ ማሩ የጎጃም። ሰፈሮቹ ሳይቀሩ ጎጃም በረንዳ፣ ሲዳሞ ተራ ይባላሉ። የአዲስ ከተማ ልጅ አገሩን ከካርታ በፊት የሚያውቀው ከማዳበሪያው ላይ ነው፤ እናቱን ተከትሎ ዘንቢል ሲይዝ የቦታዎቹን ስም እየሰማ ያድጋል። ሲያድግ ታዲያ ሁሉንም ያወቀ ይመስለዋል።

ከጎኔ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ቆመው ነበር። አንድ ዛላ አነሡና ጆሯቸው ሥር ነቀነቁት፤ ፍሬው ተንሿሿ። ጫፉን ቀነጠሱት፣ ሰንጥቀው ውስጡን አዩት፣ አሸተቱት። ከዚያ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ጥያቄ ጠየቁ።

«ስጥ ላይ ሳለ ዝናብ አግኝቶታል?»

ሻጯ ቀና ብላ አየቻቸው። «አንድ ሌሊት አግኝቶት ነበር አሉ፤ ግን ደርሰው አነሡት» አለች።

«ጋሼ፣ በርበሬ ያመርቱ ነበር እንዴ?» አልኳቸው።

«የለም ልጄ፣ የዚሁ ሰፈር ልጅ ነኝ። ዘማች ነበርኩ።»

በእሳቸው ትውልድ አፍ «ዘማች» ማለት አንድ ነገር ነው። የእድገት በሕብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲጀመር ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብቻ አልነበሩም፤ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆችም ነበሩበት። አልዘምትም ያለ ትምህርቱን የመቀጠልም ሥራ የማግኘትም በር ይዘጋበት ነበር። ተማሪን ወደ ገጠር የመላክ ልማዱ ግን ከዚያ ይቀድማል፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ያገለግል ነበር፤ አብዛኛውም በመምህርነት። «ሰርቪስ ወጣ» ይባል ነበር።

ጋሼ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበሩ። የደረሳቸው ጣቢያ ከቡታጅራ ወዲያ፣ ማረቆ ነው። «አገሩን አውቀዋለሁ ብዬ ነው የሄድኩት» አሉኝ። «ስሙን እዚሁ በረንዳ ላይ ስሰማ አድጌ የለ!»

ሲደርሱ በርበሬው ተለቅሞ ተሰጥቶ ነበር። አንድ ሌሊት ደመና መጣ። መንደሩ በሙሉ፣ ሽማግሌም ሕፃንም፣ ከእንቅልፉ ተነሥቶ በጨለማ ያንን ቀይ ስጥ ያፍስ ጀመር። እሳቸውም ካኪያቸውን እንደ ለበሱ አብረው አፈሱ። እጃቸው ሲነድ ሳያስቡት ዓይናቸውን አሹት። ከዚያ በኋላ የሚያስታውሱት የአንዲት እናት እጅ ነው፤ ቋንቋዋን አይሰሙም፣ እሷም የእሳቸውን አትሰማም፤ ፊታቸውን በቀዝቃዛ ውሃ እያጠበች እንደ ልጅ ስታባብላቸው ብቻ ትዝ ይላቸዋል።

«ፊደል ላስቆጥር ነበር የተላክሁት» አሉ። «ቀድመው ያስቆጠሩኝ እነሱ ናቸው።»

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ ሲባል፣ አዋጁን በአስተርጓሚ ለገበሬው ካስረዱት አንዱ ነበሩ። ያን ጊዜ ነው ጭሰኛው ከምርቱ ለባለመሬቱ ምን ያህል እንደሚሰፍር ከገበሬው አፍ የሰሙት። «እናቴ ከዚህ ስትገዛ የኖረችው በርበሬ ግማሹ የለቃሚው እንዳልነበረ እዚያ ሄጄ አወቅሁ» ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

ሁሉም ትዝታ እንዲህ አይደለም። ዘማቾች ከባለመሬትና ከሹማምንት ጋር ተጋጭተዋል፤ የሞቱም የታሰሩም አሉ፤ ጣቢያቸውን ጥለው የሄዱም ብዙ ናቸው። «አብረን ሄደን አብረን ያልተመለስን አለን» አሉና ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ወጣትን በግዴታ ልኮ ደኅንነቱን አለመጠበቅ የሚከፈል ዕዳ አይደለም።

ወጣትን ከቤቱ ርቆ እንዲያገለግል የመላክ ሐሳቡ ግን የእኛ ብቻ አይደለም። ናይጄሪያ ከእርስ በርስ ጦርነቷ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ ተመራቂዎቿ ከተወለዱበት ውጭ ባለ ግዛት አንድ ዓመት እንዲያገለግሉ ደነገገች፤ ዛሬም ካኪ ለብሰው ይሄዳሉ። እኛም ዘንድ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሰላም ሚኒስቴር አማካይነት የተመረቁ ወጣቶች በፈቃዳቸው ካደጉበት አካባቢ ወጥተው ሌላ ዘንድ የሚያገለግሉበት ፕሮግራም ተጀምሯል። መንገዱ ሰላም፣ ተቀባዩም ፈቃደኛ እስከሆነ ድረስ፣ ከልቤ እደግፈዋለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ወጣቱ አዳራሽ ውስጥ ስለ አብሮነት ሲነገረው ብቻ አይሰንብት። ደመና ሲመጣ ስጥ የሚያነሣበት ቤት ይኑረው። «የየት ነው?» ብሎ መጠየቅን ማንም ገበያተኛ ያውቀዋል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን እዚያ ካደሩ ሰዎች በቀር ለማንም አይመጣለትም፤ አገርን መውደድ የሚጀምረውም ከእሱ ይመስለኛል።

ጋሼ ሦስት ኪሎ አስመዝነው፣ ሻጯን መርቀው ሄዱ። እኔም የእኔን ይዤ ወደ እህል በረንዳ ተሻገርኩ። ነጩን ጤፍ በመዳፌ ዘገን አድርጌ «የየት ነው?» አልኩት ነጋዴውን።

«የአድአ ነው፣ እህቴ።»

ጤፉ በጣቶቼ መሐል እየፈሰሰ ትንሽ ቆምኩ። ሁለተኛውን ጥያቄ ፈለግሁት፤ አጣሁት።