ጣሪያዋ ሸራ

ጣሪያው የሚገለጥ መኪና ፊልም ላይ ስታዩ ትቀኑ ይሆናል። እኔ አልቀናም። ደብረ ታቦር ላይ ባጃጅ አለችኝ፤ ጣሪያዋ ሸራ፣ ጎኗ ክፍት።

ደስታዋ ብዙ ነው። መስከረም ላይ አደይ ሲፈነዳ የእርጥቡ መሬት ሽታ አብሮኝ ይሳፈራል። ጉና ደመናውን ገፎ ብቅ ሲል ለማየት መስኮት አላወርድም። መንገድ ላይ ያገኘሁት ሁሉ "እንዴት አደርክ!" ይለኛል፤ ሳልቆም እመልሳለሁ። ወደ ጋፋት እንግዳ ሳደርስ ደግሞ ወሬው አያልቅም፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩት እዚያ ነዋ! ያን ሁሉ ብረት በዚህ ዳገትና ቁልቁለት እስከ መቅደላ እንዴት አስጎተቱት እያልን እንገረማለን።

ችግሩ ብርዱ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው የሚመጣው። በጋ ደግሞ አቧራ። ጋቢ ደርቤም ጉልበቴ ማታ ማታ ይጠዘጥዘኛል። ባለቤቴ "በር አስገጥምላት እንጂ፤ የሚያበላን እኮ ጉልበትህ ነው" ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ግን በር ሲመጣ ሰላምታው ይቀራል። ምርኩዝ የያዙ እናት ከሩቅ "ልጄ፣ ቁም!" ሲሉ የምሰማቸው ጎኗ ክፍት ስለሆነ ነው። ስለዚህ ለዚህ ክረምት ግራዋን አዘጋለሁ። ቀኟ፣ ሰው የሚገባበት፣ እንዳለ ይቆያል። ሁለተኛው በር ጉልበቴ ካስገደደኝ ለከርሞ ነው።