ምስክሩን አትቅጡት

በሰሜን ቨርጂኒያ መኪና እየነዳ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ወገን «ቼክ ኢንጂን» የሚለው ቢጫ መብራት ሲበራበት ይደነግጣል። ምክንያትም አለው። በየሁለት ዓመቱ ለሚደረገው የጭስ ምርመራ መብራቱ እንደበራ የቀረበ መኪና ይወድቃል። ያልፈውን ካላገኘ ደግሞ ምዝገባው አይታደስም፤ እንጀራው ቆመ ማለት ነው።

አንድ ሹፌር አሮጌ መኪናውን ሲያስነብብ «ፒ0171» የሚል ቁጥር ወጣ። ወዳጆቹ «የኦክስጅን ሴንሰሩ ነው» አሉት። ለእናቱ ሊልክ ካስቀመጠው ገንዘብ ቀንሶ አዲስ ገዝቶ አስገባ። በሳምንቱ መብራቱ ተመልሶ በራ።

ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡ የቤንዚን መኪኖች ጉድለታቸውን በቁጥር ይመዘግባሉ። ቁጥሩ ግን ምልክቱን እንጂ ጥፋተኛውን አይናገርም። «ፒ0171» ማለት አየሩ በዝቶ ነዳጁ አንሷል ማለት ነው። ሴንሰሩ ጭሱ በሚወጣበት ቱቦ ላይ ተሰክቶ የቀረውን ኦክስጅን እያየ ለኮምፒውተሩ ይመሰክራል። ሲሞቅና ጤናማ ሲሆን ቮልቴጁ በ0.1 እና በ0.9 መካከል ቶሎ ቶሎ ይወዛወዛል።

ሹፌሩ በመጨረሻ አንድ አንጋፋ ሐበሻ መካኒክ ዘንድ ሄደ። «ጋሼ፣ አዲሱም ተበላሸ» አላቸው። እሳቸው ሴንሰሩን ለኩ፤ ቮልቴጁ ዝቅ ብሎ ቆሟል። በአየር ማስገቢያው ጥቂት የፕሮፔን ጋዝ ሲለቁ ወዲያው ወደ 0.9 ዘለለ።

«አየህ ልጄ፣ ሴንሰሩ እውነቱን ነው የሚናገረው። ሳይለካ የሚገባ አየር አለ» አሉት። ፈልገውም የአየር ማስገቢያው የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ አገኙት። የቱቦው ዋጋ ከሴንሰሩ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ሴንሰር አይበላሽም ማለት አይደለም። «ፒ0135» ከወጣ ማሞቂያው አይሠራም ማለት ነው፤ ያኔም ፊውዙና ሽቦው ቀድመው ይታዩ። ከሴንሰሩ በፊት ጭስ የሚያፈስ ቱቦም የውጭ አየር እያስገባ ያሳስታል። በአዳዲስ መኪኖች ላይ ያለው የአየርና ነዳጅ ሴንሰር ደግሞ አነባበቡ የተለየ ነው።

ስለዚህ ወገን፣ «ይቀየር» ሲባሉ «ተለክቷል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። በምርመራው ዋዜማ ቁጥሩን ማስጠፋትም አያዋጣም፤ ኮምፒውተሩ ራሱን ፈትሾ ያልጨረሰ መኪና ተመላሽ ይሆናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።