ደህና የሚመስል ቺንጊያ

ሞተር ሳይክል ላይ አብዛኛው ዕቃ ከመበላሸቱ በፊት ይናገራል። ፍሬን ሲያልቅ ይጮኻል፤ ሰንሰለት ሲላላ ይንኳኳል፤ ካንዴላ ሲደክም ሞተሩ ይነጫነጫል። የሚያፈስ ዘይት እንኳ መሬት ላይ ጠብ ብሎ ምልክት ይተዋል። የታይሚንግ ቺንጊያ ግን ብዙውን ጊዜ እስከሚበጠስባት ደቂቃ ድረስ ዝም ብሎ ይሠራል።

ዘንድሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ መንዳት ካቆመ አንድ ሰው ላይ የ2006 ዱካቲ ሞንስተር 620 ገዛሁ። ከቁልፉ ጋር የጥገና ደረሰኞች የታጨቁበት ፖስታ ሰጠኝ። ቺንጊያዎቹ የተቀየሩት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ የሄደው 3,000 ማይል ብቻ። "እንደ አዲስ በለው" አለኝ ሰውየው። ብቻዬን የምነዳው ቢሆን ኖሮ ምናልባት አምኜው ዝም እል ነበር። ግን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጄ ከኋላ አስቀምጬ እስከ ሼናንዶዋ ተራሮች እንድወስዳት ቃል አስገብታኛለች። ሄልሜቷን ሳይቀር ገዝታ ጨርሳለች።

ይህ ሞተር ሁለት ሲሊንደር አለው፤ ለእያንዳንዱ አንድ የጎማ ቺንጊያ። ሥራው ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ ቫልቮላዎቹ በሰዓታቸው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ ማድረግ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ 3,000 ጊዜ ይዞራል፤ በሴኮንድ ሃምሳ ጊዜ ማለት ነው። ቺንጊያው ከተበጠሰ ቫልቮላው ባለበት ይቆማል፣ ፒስተኑ ግን መምጣቱን አይተውም። ሁለቱ ይጋጫሉ። ይህ በ495 አውራ ጎዳና ላይ፣ ግራና ቀኝ ከባድ መኪና እያለ ሲሆን አስቡት።

ዱካቲ ቺንጊያን ወደ መንገድ ሞተሮቹ ያመጣው እ.ኤ.አ. በ1979 በፓንታ ሞዴል ነው፤ የነደፈው ኢንጂነር ፋቢዮ ታሊዮኒ። ከዚያ በፊት ይኸው ሥራ በብረት ዘንግና በጥርሳም ማርሾች ይሠራ ነበር። ብረቱ ለመገጣጠም አድካሚና ውድ ነው። ጎማው ቀላል ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ርካሽ ነው። በምትኩ ግን ያረጃል፤ ቆሞም ያረጃል። እንደኔ ላለው ሞተር የተለመደው ምክር፣ ማይሉ ባይሞላም በየ2 ዓመቱ ይቀየር የሚል ነው።

የጥገና መጽሐፉን የጣሊያንኛ ቅጂ ስገልጥ ሳቄ መጣ። "ቺንጊያ"፣ "ካንዴላ"፣ "ቫልቮላ"፣ "ፍሪሲዮን" የሚሉትን ቃላት ማንም ሳይተረጉምልኝ አነበብኳቸው። ጣሊያንኛ ተምሬ አላውቅም። የተማርኩት የአዲስ አበባ ጋራዥ አማርኛ ነው። ቃላቱ ወደ እኛ የመጡት ከወራሪው መኪና ጋር ይሁን ከዚያ በኋላ፣ ዛሬ ግን ካቻቪቴ አምጣ የተባለ ልጅ የውጭ ቋንቋ የሰማ አይመስለውም።

ምርመራው ራሱ ግማሽ ቀን አልፈጀም። ሞተሩ ሌሊቱን በርዶ አድሯል። የፕላስቲክ ክዳኖቹን ብሎን ፈታሁ፣ ካንዴላዎቹን አወጣሁ፣ የኋላውን ጎማ በማቆሚያ አንስቼ ማርሹን የመጨረሻው ላይ አስገባሁና ጎማውን በእጄ ቀስ እያልኩ አዞርኩ። እንዲህ ሲደረግ ቺንጊያው ሁለንተናውን እያሳየ ያልፋል። የጥርሶቹ ሥር ስንጥቅ እንዳለው፣ ጠርዙ እንደተበላ፣ ጀርባው እንደ መስታወት እንደሚያብረቀርቅ በባትሪ አየሁ። ዘይት ነክቶት እንደሆነ ዳሰስኩ፤ ዘይት የጎማ ጠላት ነው። ኩሽኔታዎቹን አዙሬ ጆሮዬን ደቀንኩ። ውጥረቱን ለማወቅ እንደ ክራር ክር በጣት መታ ይደረግና ንዝረቱ በስልክ በሄርዝ ይለካል፤ ልኩ እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ ከመጽሐፉ ይታያል። ሁሉንም አደረግሁ። አንድም እንከን አላገኘሁም።

ባለቤቴ ቡና ይዛልኝ ገባች።

"እሺ፣ ምን ሆኗል?"

"ምንም።"

"ምንም ካልሆነ ታዲያ ለምን ትቀይረዋለህ?"

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት መልስ የምውልበት ጋራዥ ውስጥ፣ ጋሼ የምንላቸው መካኒክ ቺንጊያውን በብርሃን ያዩታል፣ ያሸቱታል፣ ከዚያ "ገና ነው፣ ይሄዳል" ይላሉ። ሰነፍ ስለሆኑ አልነበረም። አዲሱ ዕቃ ከዱባይ ሰው እስኪያመጣው የሚጠበቅ፣ ዋጋውም ከባለ ታክሲው አቅም በላይ ስለነበር ነው። "ደህና ነው" የሚለው ቃል ውስጥ ሁልጊዜ "ሌላ የለንም" የሚል ሌላ ቃል ተደብቆ ነበር። የእሳቸው ዓይን የሰላው በእጦት ነው፣ እኔም የማየው በዚያው ዓይን ነው።

ዓይን ግን የሚያየው የጎማውን ቆዳ ነው። ጉልበቱን የተሸከሙት ውስጡ የተቀበሩት ቀጫጭን ክሮች ናቸው፤ እነሱን ባትሪም ጣትም አይደርስባቸውም። ስለዚህ ምርመራ "መጥፎ ነው" ብሎ ሊፈርድ ይችላል፤ "ደህና ነው" ብሎ ግን መፈረም አይችልም። ስንጥቅ ባገኝ ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። ስላላገኘሁ ያለኝ ማስረጃ የደረሰኙ ቀን ብቻ ነው፤ ቀኑ ደግሞ ስድስት ዓመት ይላል። እዚህ አገር ጥንዱ ቺንጊያ ከመቶ ዶላር ትንሽ ከፍ ብሎ በሁለት ቀን ደጄ ይደርሳል። ሌላ እያለኝ "ይሄዳል" ብል፣ ከኋላዬ የምትቀመጠው ልጄ ናት።

ለባለቤቴ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። "ለልጅቷ ነው" አልኳት። ጭንቅላቷን ነቅንቃ ባትሪውን ተቀበለችኝና ታበራልኝ ጀመር።

ቅዳሜ አዲሶቹን አስገባሁ። የፑሊዎቹን ምልክቶች አገጣጠምኩ፣ ወጠርኩ፣ ሞተሩን በእጄ ሁለት ዙር ሙሉ አዙሬ ምልክቶቹ ቦታቸው መመለሳቸውን አየሁ። በዚህ ጊዜ አንዳች ነገር ገታ ካደረገ መግፋት የለም፤ ቆሞ ማየት ነው። አልገታኝም። ልጄ ከትከሻዬ በላይ አጎንብሳ፣ "አሮጌው ግን ምንም አይመስልም እኮ አባዬ" አለች።

"አዎ፣ አይመስልም" አልኳት።

ክዳኑን ከመግጠሜ በፊት ነጭ ቀለም ሰጠኋት። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ቀኑንና ማይሉን በእጇ ጻፈች፤ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ማንም ይሁን፣ ዓይኑን ብቻ እንዳያምን።