ጉም የዋለበት ቀን

ተማሪ ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ የሚቀበለው ትምህርት ታላቅ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን ከክፍል ወጥቶ በእግሩ እየሄደ፥ በዓይኑ እያየ፥ በእጁም እየዳሰሰ የሚያገኘው ትምህርት ደግሞ የራሱ ክብር አለው። ከፍተኛ ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪዎቻቸውን ለተግባር ልምምድ ወደ መሥሪያ ቤትና ወደ ገጠር የሚልኩትም ስለዚሁ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ስለ ልምምዱ ደንብና ስለ ጥቅሙ ብዛት ልንተርክ አልተነሣንም፤ ይህን ከእኛ ይልቅ መምህራን ያውቁታል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰን በመዝገብ ሥራ የተቀጠርን እኛ፥ አራት ተማሪዎችን ተከትለን በመንዝ ጓሳ ላይ ስለ ተማርነው አንድ ነገር ብቻ እንናገራለን።

ጓሳ በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ፥ ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ ውርጫማ አገር ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፤ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ከጓሳ ሣር ነው። የመንዝ ሰው በዚህ ሣር ቤቱን ይከድንበታል፥ ገመዱን ይገምድበታል። በሣሩ መካከል ጅብራ እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጭላዳ በመንጋ ሆኖ ይግጣል፤ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘውና በጠቅላላው 500 ያህል ብቻ የቀረው ቀይ ቀበሮም አይጥ ያድናል።

ይህ ሜዳ እስከ ዛሬ የቆየው እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። ቀደምት አባቶች ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። አቅኚ አባቶች ከሚባሉት ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱት ሰዎች አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ፤ ሣሩም ለሦስት፥ ለአራት፥ አንዳንድ ጊዜም ለአምስት ዓመት ተዘግቶ ይሰነብትና በበጋ ሲከፈት ባለ መብቱ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በታወጀ ጊዜ በትውልድ ላይ የቆመው ይህ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሜዳውም ጠያቂ እንደ ሌለው ንብረት ተጎዳ። ሕዝቡ ግን ጨርሶ አልተወውም። በዙሪያው ያሉት ቀበሌዎች በአዲስ መልክ ተደራጅተው መጠበቁን ቀጠሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2012ም በክልሉ መንግሥት ደንብ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ታወቀ።

በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ወር አራት የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች ለሁለት ወር ልምምድ ወደዚህ ሥፍራ ሲመጡ፥ መሥሪያ ቤታችን እኛን አብረናቸው እንድንሄድ አዘዘን። ሥራችን ስንቃቸውን ማከፋፈል፥ የመስክ ቅጾቻቸውን በየማታው ተቀብለን መመዝገብና መፈረም፥ በመጨረሻም የእያንዳንዳቸውን የሥራ ጠባይ በወረቀት ገልጠን ወደ ትምህርት ቤታቸው መላክ ነበር። እውነቱን ለመናገር ጉዞውን የጀመርነው በደስታ ብቻ አልነበረም። ወጣቶቹ እኛ ያላገኘነውን ዕድል አግኝተዋል፤ የአራዊቱን ስም በላቲን ይጠራሉ፤ በእጅ በሚያዝ መሣሪያ የቆሙበትን ሥፍራ ከሳተላይት ይቀበላሉ። እንዲህ ያሉትን ሰዎች መዝግብ፥ ፈርምላቸው፥ መስክርላቸው መባላችን በአንድ በኩል አኮራን፥ በሌላ በኩል አሳነሰን።

የዕለቱ ሥራ እንዲህ ነበር። ማለዳ፥ ውርጩ ገና ከሣሩ ሳይለቅ፥ እያንዳንዱ ተማሪ ከማኅበረሰቡ ጠባቂዎች ከአንዱ ጋር ይወጣል። በተመደበለት መሥመር እየሄደ ያየውን ቀበሮና ጭላዳ፥ የከብትም ዱካ ካለ ዱካውን ይጽፋል፤ ከዚያም በተወሰኑ ሥፍራዎች ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የእንጨት ክፈፍ መሬት ላይ አኑሮ የሣሩን ቁመት በሴንቲ ሜትር ይለካል። ማታ ሁሉም ባናውን ተከናንቦ እሳት ዳር ሲቀመጥ እኛ ቅጹን እንቀበላለን።

ከጠባቂዎቹ አንዱ ፊደል ያልቆጠሩ ሽማግሌ ነበሩ። ተማሪዎቹ አባባ ይሏቸዋል። አንድ ቀን ከጭላዳ መንጋ መካከል ቀበሮ ረጋ ብሎ ሲሄድ አይተን፥ ጭላዳዎቹ ግልገል ይዘው ሳሉ ስለ ምን አይሸሹም ብለን ጠየቅናቸው። ሽማግሌውም፥ «ግልገሉን ካልነካ ምን ያጣላቸዋል? እነሱ ሲግጡ አይጥ ትዘናጋለች፤ እሱም ያችን ይጠብቃል» አሉን። ከተማሪዎቹ አንዲቱ በመገረም፥ በዚሁ በጓሳ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ምርምር መኖሩን ነገረችን፤ ቀበሮው በጭላዳ መካከል ሲያድን ከመቶ 67ቱ ሙከራ ይሠምርለታል፥ ብቻውን ሲያድን ግን 25ቱ ብቻ። ሽማግሌው ቁጥሩን በጥሞና ሰምተው፥ «ቆጥረው ማወቃቸው መልካም ነው» ብለው ዝም አሉ።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ጉም ወረደ። በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው የበቅሎዋን ጆሮ የማያይበት ዓይነት ጉም ነበር። ሽማግሌው ያን ዕለት ዘመድ ሞቶባቸው ለቅሶ ስለ ሄዱ፥ አብሯቸው ይወጣ የነበረው ተማሪ ብቻውን ሄደ። የእርሱ መሥመር ከሁሉ የራቀው ነበር። ማታ ቅጹን አመጣልን። ሁሉም ሣጥን ተሞልቷል፤ የአምስቱም ሥፍራ የሣር ቁመት ተጽፏል፤ የሩቁ ሥፍራ 42 ሴንቲ ሜትር ይላል። እኛ ቅጹን ስንቀበል ዓይናችን ከተማሪው ጫማ ላይ ዐረፈ። በዚያ ጉም፥ በዚያ ሣር መካከል ውሎ የመጣ ሰው ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይረጥባል። የእርሱ ጫማ ደረቅ ነበር።

አየነው፤ ግን ፈረምን።

ስለ ምን እንደ ፈረምን ብዙ ጊዜ ራሳችንን ጠይቀናል። አንደኛ፥ የተማረ ሰው ስሕተቱን ከእኛ መስማት የሚቀበል አልመሰለንም። ሁለተኛውና ዋናው ግን ልማድ ነው። በመዝገብ ቤት በቆየንባቸው ዓመታት ሙሉ ቅጽ መልካም ቅጽ፥ ባዶ ሣጥን ደግሞ የስንፍና ምልክት እንደ ሆነ ስንሰማ ኖረናል። በቅጹ ላይ የተጻፈው ነገር ከወረቀቱ ውጭ ይኑር አይኑር የጠየቀን አለቃ አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ከሳምንት በኋላ የማኅበረሰቡ ተወካዮች ሣሩ በመጪው በጋ ይከፈት ወይስ ተዘግቶ ይቆይ ብለው ለመመካከር ቀጠሮ ነበራቸው፤ የተማሪዎቹም ልኬት በዚያ ጉባኤ እንዲነበብ ተወስኖ ነበር። በዋዜማው ማታ ጠባቂዎቹ እንዲሰሙት ብለን መዝገቡን እሳት ዳር አነበብን። ጉም ከዋለበት ቀን ስንደርስ ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ፥ ልጄ። ይህ የማን ቀን ነው?»

የተማሪውን ስም ነገርናቸው።

«የሩቁ ሣር ስንት አልህ?»

አርባ ሁለት ሴንቲ ሜትር አልን፤ ሌላው ጠባቂ ከጉልበቱ በታች በእጁ ለክቶ አሳያቸው።

«እኔ በማግሥቱ ከለቅሶ ስመለስ በዚያው አለፍኩ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «ከብት ሌት ሌት ገብቶበታል። እበቱም የሰነበተ ነበር። እዚያ ሣር የለም፤ ግንዱ ብቻ ቀርቷል። ለአለቃችን ተናግሬአለሁ። ወረቀቱ ግን አለ ካለ የኔ ቃል ምን ይሆናል?»

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የሚሰማው የእሳቱ ድምፅ ብቻ ነበር። ተማሪው ፊቱን ወደ መሬት አዘነበለ። እኛም መዝገቡን በእጃችን ይዘን፥ ከቁጥሩ በታች የተጣለውን የራሳችንን ፊርማ ተመለከትን። የሽማግሌው ጥያቄ ለእርሱ ብቻ የተጠየቀ አለመሆኑን ያን ጊዜ ተረዳን። ሜዳውን በእግሩ የዞረ ሰው ቃል፥ ከድንኳን ሳይርቅ የዋለ ሰው በጻፈውና ያላየ ሰው ባጸናው ወረቀት ሊሻር ነበር። ተወካዮቹም በዚያ ቁጥር ተማምነው ሣሩን ቢከፍቱት፥ የተጎዳው መሬት ሳያገግም ማጭድ ይወርድበት፥ ሌት ከብት ያስገባውም ሰው ሳይጠየቅ ይቀር ነበር።

ተማሪው በኋላ ብቻውን ወደ እኛ መጣ። መንገድ መካከል ደርሶ ጉሙን ፈርቶ መመለሱን፥ ባዶ ቅጽ ማምጣት አፍሮም ያለፉትን ሳምንታት ቁጥር አይቶ አማካዩን መጻፉን ተናገረ። «ማርክ እንዳይቀንስብኝ ብዬ ነው» አለ። ልንገሥጸው ከጀመርን በኋላ ቃላችን በአፋችን ቀረ። «ጫማህ ደረቅ እንደ ነበር አይተን ነው የፈረምነው» ብለን ነገርነው። እርሱም ቀና ብሎ አየን፤ ከዚያ ወዲያ ለመነጋገር ቀለለን።

በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ ሽማግሌው፥ ተማሪውና እኛ ወደ ሩቁ ሥፍራ ሄድን። ነገሩ እንደ ተባለው ሆኖ አገኘነው፤ የከብት ኮቴ፥ የደረቀ እበት፥ የተቀረጠፈ ሣር። ተማሪው ክፈፉን አኑሮ ለካ፤ 9 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የዛሬውን ቀን ጽፎ በአዲስ መሥመር አሰፈረው። ስለ አሮጌው መሥመር ግን ምን እናድርግ ብለን ስንወያይ፥ ገጹን ቀድዶ እንደ ገና መገልበጥ የሚል ሐሳብ መጣ። ሽማግሌው አልወደዱትም። «የተሳሳተውም ይታይ» አሉ። «ያን ዕለት ጉም ነበረ፤ ጉም ነበረ ብላችሁ ጻፉ።»

በጉባኤውም ላይ ቆመን፥ የአንዱ ቀን ልኬት ውሸት እንደ ነበረ፥ ሳናረጋግጥም የፈረምነው እኛ እንደ ሆንን ተናገርን። ተወካዮቹ ለጥቂት ጊዜ አጉረመረሙ። አንዱ፥ እንግዲህ የቀረውንስ በምን እናምናለን ብሎ ጠየቀ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነበር። ያን ጊዜ ሽማግሌው ተነሥተው፥ በቀሩት ቀናት አብረው እንደ ወጡና እንዳዩ መሰከሩ። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ሜዳው ተዘግቶ እንዲቆይ ወሰኑ።

የልምምዱ ጊዜ ሲያበቃ የጠባይ መግለጫውን መሙላት ነበረብን። «ታማኝነት» የሚለው ሣጥን ከፊታችን ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ሁለቱንም ጻፍን፦ አንድ ቀን ያላየውን መጻፉን፥ በማግሥቱም ሄዶ ለክቶ ስሕተቱን በሰው ፊት ማረሙን፤ የእኛንም ድርሻ አልደበቅንም። ወረቀቱን ከመላካችን በፊት ለተማሪው አነበብንለት። ደስ አላለውም፤ ግን እውነት ነው አለ።

መምህራን ተማሪዎቻችሁን ወደ መስክ ስትልኩ፥ ባዶ ሣጥን ማምጣትን እንዳይፈሩ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። በየመሥሪያ ቤቱ ያለን ሰዎችም ከመፈረማችን በፊት ጫማ እንመልከት። በሰው መሬት ላይ የሚጻፍ ቁጥር ማርክ ብቻ አይደለም፤ ጸሐፊው ከሄደ በኋላ ከዚያው ከሚኖሩት ሰዎች ጋር የሚቀር ነገር ነው።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ያ አገር ብዙ መከራ አይቷል። እኛ ግን መዝገብ በገለጥን ቁጥር ያ ገጽ ትዝ ይለናል። 42 በሚለው ላይ አንድ መሥመር ተሰርዞበታል፤ ከጎኑም በተማሪው እጅ እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ «ጉም ነበረ፤ አልታየም።» ከእርሱም በታች ፊርማችን አለ። በሙሉ ልብ ከፈረምንባቸው ወረቀቶች ሁሉ የመጀመሪያው እርሱ ነው።