የሯጭ አፍ

ጭላሎ ገና በጉም ተሸፍኖ ሳለ የአሰላ ሯጮች ለልምምድ ይወጣሉ። በልጅነቴ እኔም አብሬያቸው እወጣ ነበር። ከዚያ ሁሉ ዳገት እስካሁን የማይረሳኝ የአፌ ድርቀት ነው። ምላሴ ከላንቃዬ ይጣበቃል፤ ምራቄ እንደ ሙጫ ይወፍራል። ድካም ነው ብዬ አልፈው ነበር።

አንድ ዓመት ለውድድር ስንዘጋጅ መንጋጋዬ ያመኝ ጀመር። “ሯጭ በጥርሱ አይሮጥ” ብዬ ቻልኩት። መጀመሪያ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ቀጥሎ ቆሎ መቆርጠም አቃተኝ። የውድድሩ ዕለት ጉንጬ አብጦ ቤት ዋልኩ።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አፋችን በመቶዎች የሚቆጠሩ የባክቴሪያ ዓይነቶች መኖሪያ ነው፤ አብዛኞቹም አይጎዱንም። ሚዛናቸውን የሚጠብቀው ምራቅ ነው፦ አሲዱን ያለዝባል፣ ጥርሱን ያጥባል፣ ጀርም የሚመክቱ ፕሮቲኖችም አሉት። ሩጫው ሲበረታ ግን አፍንጫ ብቻውን አይበቃም፤ በአፋችን እንተነፍሳለን። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር፣ በቆጂ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስና ቀዝቃዛ ስለሆነ ትንፋሽ ይበዛል፤ አፍም ቶሎ ይደርቃል። ከባድ ልምምድ ለሳምንታት ሲደራረብ የምራቅ የመከላከል አቅም ሊዳከም ይችላል። በደረቀ አፍ ላይ ጣፋጭ መጠጥ ፉት ሲባልበት፣ ስኳሩን ወደ አሲድ የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ያይላሉ።

በአውሮፓውያኑ 2012 የበቆጂዋ ጥሩነሽ ዲባባ ለንደን ላይ የ10,000 ሜትር ወርቅ ስታጠልቅ፣ በዚያው ኦሎምፒክ የ302 ስፖርተኞች አፍ ተመርምሮ ነበር። 55 በመቶው የተበላ ጥርስ ተገኘባቸው። 18 በመቶው የአፋቸው ጤና ልምምዳቸውን ወይም ብቃታቸውን እንደጎዳው ተናገሩ። ለካ ሯጭ በጥርሱም ይሮጣል።

ባክቴሪያውን በሙሉ መጨረስም መፍትሔ አይሆንም። ከጎመን፣ ከቆስጣና ከቀይ ሥር የምናገኘውን ናይትሬት ወደ ናይትራይት የሚለውጡት ምላስ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሰውነት ከዚያ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሠራል፤ እሱም የደም ሥርን ያሰፋል። በአውሮፓውያኑ 2019 የወጣ አንድ ጥናት ሰዎችን ካስሮጠ በኋላ በጸረ ባክቴሪያ መጉመጥመጫ አስጉመጠመጣቸው። ከሩጫ በኋላ መውረድ የነበረበት የደም ግፊታቸው እንደሚገባው አልወረደም። ስለዚህ ሐኪም ካላዘዘ በቀር እንዲህ ያለውን መጉመጥመጫ የዕለት ልማድ አታድርጉት።

የሚያስፈልገው ብዙ ወጪ የለውም። ውኃ ያዙ። ጣፋጭ ነገር ከጠጣችሁ ወዲያው በውኃ ተጉመጥመጡ። ብሩሽ ከሌለ መፋቂያ አለ። ጭኮ በልታችሁ ጥርሳችሁን ሳታጸዱ አትተኙ። ድዳችሁ ከደማ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ውድድሩ እስኪያልፍ አትጠብቁ።

የአገሬ አሰልጣኞችና ወላጆች፣ አደራ የምላችሁ ይህን ነው። ልጁ ከልምምድ ሲመለስ እግሩን ታያላችሁ፣ ጫማውን ታያላችሁ። አንዳንዴ ደግሞ “እስቲ አፍህን ክፈት” በሉት። እኔን ያኔ እንዲህ ያለኝ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ የዚያን ዕለት እሮጥ ነበር።