ግማሽ ቀን

ጉብኝት ለሚያሰናዳ ሰው ግማሽ ቀን ትንሽ ነገር ነው። መንገደኛውን ጧት በመኪና ወስዶ፣ በሽቦ ገመድ አንሸራትቶ፣ በፈረስ አዙሮ፣ ምሳ አብልቶ ከቀትር በኋላ ወደ ማደሪያው ይመልሰዋል። በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ወንድሜ ሃቫና ውስጥ ይዞልኝ በመጣው ወረቀት ላይ የተጻፈውም ይኸው ነበር። «ባሕሩን ጠግበሻል፤ ነገ ደግሞ ተራራ ላሳይሽ» አለኝ። እኔ ግን እስከ ካሪቢያን ድረስ የተጓዝኩት ባሕር ለማየት አልነበረም። የሄድኩት ወንድሜን ለማየት ነው፤ አንድ የምጠይቀው ነገርም ነበረኝ። አምስት ቀን አብረን በላን፣ ጠጣን፣ በባሕሩ ዳር ተመላለስን፤ ጥያቄው ግን ከጉሮሮዬ አልወጣም።

ወንድሜ ከደብረ ብርሃን የወጣው በ1971 ዓ.ም. ነው። አባታችን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በምሥራቁ ጦር ግንባር ወድቋል። በዚያ ጦርነት አባቶቻቸውን ያጡ ልጆች ለትምህርት ወደ ኩባ እንደሚላኩ ሲነገር፣ እናታችን የወንድሜን ስም አስመዘገበች። እርሱ የ12 ዓመት ልጅ ነበር፤ እኔ ደግሞ የ8። በሺዎች የሚቆጠሩ የአገራችን ልጆች በዚያን ዘመን፣ ከኩባ ደቡብ በምትገኘውና እ.ኤ.አ. በ1978 ስሟ ከጥድ ደሴት ወደ ወጣቶች ደሴት በተለወጠው ምድር ላይ አደጉ። የትምህርት ቤቱ ደንብ ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ ሥራውም በብርቱካንና በግሬፕፍሩት ማሳ ውስጥ ነው። እንግዲህ ወንድሜ ልጅነቱን በግማሽ ቀን፣ በግማሽ ቀን እየቆጠረ ጨረሰው። ሥራ ያዘ፤ አገባ፤ ወለደ፤ በዚያው ቀረ። አማርኛውም በ12 ዓመቱ ቆሟል። ስለ ኳስና ስለ ጠላ ቤት ሲያወራ አንደበቱ ይፈታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ነገር ሁሉ ግን በስፓኝኛ ነው የሚጠራው።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሥፍራ ስሙ ላስ ቴራሳስ ነው። «እርከኖቹ» ማለት ነው። ከሃቫና በስተምዕራብ፣ ሲዬራ ዴል ሮሳሪዮ በሚባለው የተራራ ሰንሰለት ውስጥ ይገኛል። ከዋናው መንገድ ወጥተን ወደ ውስጥ ስንገባ መንገዱ ጠበበ፤ ግራና ቀኙን ደኑ ዋጠው። ወንድሜ መስኮቱን ከፍቶ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

በመጀመሪያ የጠበቀን ገመዱ ነበር። ኩባውያን ካኖፒ ይሉታል፤ በእኛም ከተሞች አሁን አሁን ዚፕላይን በሚል ስም እየታወቀ መጥቷል። ነገሩ እንዲህ ነው። በመንደሩ ሐይቅ ዙሪያ ካሉት ኮረብታዎች በአንደኛው ላይ ከፍ ያለ መቆሚያ ይሠራል፤ ከዚያም እስከ ማዶው መቆሚያ ድረስ ወፍራም የሽቦ ገመድ ይወጠራል። መንገደኛው በጭኑና በወገቡ ዙሪያ መታጠቂያ ታጥቆ፣ ጠንካራ ቆብ ደፍቶ፣ በገመዱ ላይ በሚሽከረከር መዘውር ተንጠልጥሎ ይለቀቃል። የሚነዳው ሞተር የለም፤ የራሱ ክብደትና የገመዱ ቁልቁለት ይወስዱታል። ለማቆም ሲፈልግ፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት በለበሰው እጁ ገመዱን ከኋላው በኩል ይጫናል።

ወንድሜ ቀድሞኝ ሄደ። ማዶ ደርሶ እጁን ሲያውለበልብ አየሁት። ተራዬ ሲደርስ አንድ ወጣት መታጠቂያዬን ፈትሾ፣ በፈገግታ አንድ ነገር ብሎ ገፋ አደረገኝ። የመቆሚያው እንጨት ከእግሬ ሥር ከዳኝ። ነፋስ ጆሮዬን ሞላው፤ መዘውሩ ከራሴ በላይ አፏጨ። በመጀመሪያ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ኋላ ስገልጠው የራሴን ጥላ በሐይቁ ላይ ሲሮጥ አየሁት። ከውሃው ወዲያ የመንደሩ ነጫጭ ቤቶች፣ ከቤቶቹ ወዲያ ዛፍ፣ ከዛፉ ወዲያ ደግሞ ዛፍ ነበር። ከላይ ሲታይ ያ ደን ከፍጥረት ቀን ጀምሮ በዚያ የቆመ፣ የሰው እጅ ያልነካው ይመስላል።

ይህን ሳደንቅ ፍርሃቴ ተመልሶ መጣብኝና ገመዱን ያለ ጊዜው ጨበጥኩት። ፍጥነቴ ሞተ። መዘውሩ ጥቂት አዝግሞ ቆመ፤ እኔም ከሐይቁ በላይ፣ ከሁለቱ መቆሚያዎች መካከል፣ እንደ ተሰጣ ልብስ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄድ አልተቻለም። እግሬን አወራጨሁ፤ ገመዱ ተወዛወዘ፤ ፍርሃቴም ባሰ። በዚህ ጊዜ ከማዶ አንድ ድምፅ ሰማሁ።

«አይዞሽ! አትወራጪ! መጡልሽ እኮ! አይዞሽ!»

የወንድሜ ድምፅ ነበር፤ ነገር ግን አምስት ቀን ሙሉ ሲያነጋግረኝ የሰነበተው የጎልማሳው ድምፅ አልነበረም። ወንዝ ስንሻገር በድንጋይ ላይ ቆሞ ይጠራኝ የነበረው የልጁ ድምፅ ነበር። ቃል ሲፈልግ የሚቸገረው ሰው አንዲት ቃል እንኳ አልጠፋችበትም። ወዲያው ወጣቱ ሠራተኛ እጅ በእጅ ገመዱን እየሳበ መጥቶ ወሰደኝ። መቆሚያው ላይ ስደርስ ወንድሜ ሁለት እጄን ይዞ፣ «ግማሽ መንገድ ላይ ለምን ቆምሽ?» አለኝና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ልጠይቀው የመጣሁት ነገር ይኸው ነበርና።

ከዚያ ወደ ፈረሶቹ ወረድን። ለእኔ የደረሰችኝ ዳማ፣ ግንባሯ ቦራ የሆነች ባዝራ ነበረች። ስሟ ፓሎማ ነው፤ እርግብ ማለት ነው። በእኛ አገር ጌታው በፈረሱ ስም አባ እገሌ ተብሎ እንደሚጠራ ለባለ ፈረሱ በወንድሜ አስተርጓሚነት ብነግረው፣ «እንግዲያው ዛሬ አንቺ እርግብ ነሽ» አለኝ። ፀሐይ ያጠቆረው፣ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ የደፋ ሽማግሌ ነው። ኢትዮጵያውያን መሆናችንን እንደ ሰማ ልጓሙን ያዝ አድርጎ ቆመ። «ሐረር፣ ድሬዳዋ፣ ጅጅጋ» ብሎ ሦስት ከተማ ቆጠረ። ታላቅ ወንድሙ እ.ኤ.አ. በ1978 በዚያው በምሥራቁ ጦር ግንባር ከዘመቱት የኩባ ወታደሮች አንዱ ነበር። «እናቴ በየማታው በር ላይ ትቀመጥ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ተመለሰላት» አለ። ወንድሜ ይህን ሲተረጉምልኝ ዓይኑን ወደ ፈረሱ ጆሮ አዞረ።

ፈረሶቹ በቀስታ እየረገጡ ወደ ደኑ ውስጥ ገቡ። ከገመዱ ላይ ያልታየኝን ነገር ከኮርቻው ላይ ሆኜ ያየሁት በዚህ ጊዜ ነው። ከዛፎቹ ግርጌ፣ በወደቀው ቅጠል ተሸፍኖ፣ ተዳፋቱን ደረጃ በደረጃ የሚቆርጥ መስመር ነበረ። እርከን ነው። በአንደኛው ላይ ማሆጋኒ፣ በሌላው ላይ ማሃጉዋ የሚባለው የአገሩ ዛፍ በተርታ ቆሟል። ሽማግሌው በአለንጋው እጀታ እያመለከተ አስረዳን። ይህን ተራራ አስቀድመው ቡና ተካዮች መነጠሩት፤ ከእነርሱ በኋላ ከሰል አክሳዮችና እንጨት ቆራጮች የቀረውን ጨረሱት። ዝናሙም አፈሩን አጥቦ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ1968 አምስት ሺህ ሄክታር ያህል መሬት መልሶ በደን ለማልበስ ሥራ ተጀመረ። በሚሊዮን የሚቆጠር ችግኝ ተተከለ። በየጉድባው ተበትነው ከሰል እያከሰሉ ይኖሩ የነበሩት ገበሬዎች በእርከኑና በተከላው ሥራ ተቀጠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ በሐይቁ ዳር መንደር ተሠርቶላቸው ገቡ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ዩኔስኮ ሥፍራውን ከዓለም የሕያዋን መጠበቂያ ክልሎች መዘገበው። ሽማግሌው አንድ ትልቅ ዛፍ ደረት በእጁ መታ መታ አድርጎ፣ «ይህን አባቴ ሲተክለው ውሃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ» አለ።

እኔም በልጅነቴ ችግኝ ተክያለሁ። በ1970ዎቹ ዓመታት በቀያችን በላይ ያለውን ኮረብታ እርከን ሠርተንበት፣ ለሥራውም ስንዴና ዘይት ተቀብለንበት፣ ጥዱንና ባሕር ዛፉን ደርድረንበት ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ያ ኮረብታ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተመነጠረ። የቆረጥነውም እኛው የተከልነው ነን። ለብዙ ጊዜ ይህን በሕዝባችን ስንፍና ሳመካኝ ኖሬአለሁ። በፓሎማ ጀርባ ላይ ሆኜ ግን ነገሩ በሌላ በኩል ታየኝ። እዚህ ዛፉን የተከለው ሰው በዛፉ ሥር እንዲኖር ተደረገ፤ ደኑ ቤቱ ሆነ። እኛ ግን ተከልን፣ ስንዴያችንን ተሸከምን፣ ወደ ቤታችን ሄድን። ኮረብታው የማን እንደ ሆነ የነገረን አልነበረም። ችግኝ በመተከሉ ብቻ አይጸድቅም፤ የእኔ ነው የሚለው ሊኖር ያስፈልጋል።

መንገዱ የሚያበቃው ቡዌና ቪስታ በሚባለው ኮረብታ ላይ ነው። በዚያ በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ የተሠራ የቡና እርሻ ፍርስራሽ አለ፤ ከፊሉ ታድሶ ምግብ ቤት ሆኗል። ቡናው ይሰጣበት የነበረው የድንጋይ አውድማ፣ ገለባውን የሚፈለፍለው ግዙፍ ክብ ድንጋይ፣ ከበስተኋላም የባሪያዎቹ ማደሪያ መሠረት አሁንም ይታያል። ባለቤቶቹ እ.ኤ.አ. በ1791 ከተነሣው የሄይቲ ባሪያዎች አመፅ የሸሹ ፈረንሳውያን ነበሩ። የአገራችን ተክል ቡና ወደ የመን ተሻግሮ፣ ከዚያ ወደ አውሮፓውያን እጅ ገብቶ፣ በ18ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ መርከብ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ደረሰ። ተክሉን ከአንድ የአፍሪካ ጥግ፣ የሚለቅመውን ሰው ደግሞ ከሌላው የአፍሪካ ጥግ አምጥተው በዚህ ኮረብታ ላይ አገናኟቸው። በኩባ ባርነት የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። በማደሪያው ፍርስራሽ አጠገብ ቆሜ፣ ከእነዚያ ሰዎች ስንቱ በማን ደጅ ይጠበቅ እንደ ነበር አሰብኩ።

ከአውድማው ጥግ ተቀምጠን ጥያቄዬን ያን ጊዜ አወጣሁት።

«ወንድም ጋሼ፣ እማዬ ስትሞት ለምን አልመጣህም?»

ብዙ ዝም አለ። እናታችን ያረፈችው በ1986 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ፈርሶ ኩባ ነዳጅና ምግብ ያጣችበት ዘመን ነበር። ደብዳቤዬ የደረሰው ከአራት ወር በኋላ መሆኑን፣ የአውሮፕላኑ ዋጋ ከብዙ ዓመት ደመወዙ እንደሚበልጥ፣ የያዘውን ፓስፖርት የሰጠው መንግሥትም እንዳልነበረ ነገረኝ። ይህን ሁሉ እኔም እገምተው ነበር። ኋላ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላውን ጨመረበት።

«ቆይቶ መምጣት እችል ነበር። አልፈለግሁም። ከሁለት ልጆቿ አንዱን ስጡ ሲሏት የሰጠችው እኔን ነው። አንቺን አስቀረች።»

እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የተመረጠው እርሱ፣ የተተውኩት እኔ መስሎኝ ኖሬአለሁ። እርሱ ወደ ትምህርት ሲሄድ እኔ ውሃ ስቀዳና ኩበት ስለቅም የቀረሁ ነኝ። ለካ በአንዲት ጧት ላይ ቆመን ሁለታችንም ተጣልን ብለን ስናለቅስ ነበር። ምን እንደምመልስለት አላወቅሁምና የማውቀውን ነገርኩት። እናታችን ቡና ባፈላች ቁጥር ከአቦሉ አንድ ሲኒ ትርፍ ትቀዳ ነበር። በረከቦቱ ጥግ ታስቀምጠዋለች፤ ማንም አይነካውም። ጎረቤት የመጣ እንግዳ ሲያይ፣ «የልጄ ነው» ትላለች። ሲበርድ እኔ እጠጣው ነበር። ይህን እስክትሞት ድረስ 15 ዓመት አደረገችው።

ወንድሜ ተነሥቶ ወደ ምግብ ቤቱ ገባ። ሲመለስ ሦስት ስኒ ቡና አስይዞ ነበር። ሁለቱን ጠጣን። ሦስተኛው በድንጋዩ ላይ ቆየ፤ እንፋሎቱ አለቀ። ፈረሶቹ ከታች ሣር ይግጣሉ። ከዚያ አንሥቶ የበረደውን ቡና በአንድ ትንፋሽ ጨለጠውና፣ «ስሙ ምን ነበር?» አለኝ። ስኒውን በስፓኝኛ እንጂ በአማርኛ መጥራት ጠፍቶት ነበር።

ሃቫና የተመለስነው ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ ወረቀቱ እንዳለው በግማሽ ቀን። ያቺን ወረቀት እስከ ዛሬ አልጣልኳትም። በጀርባዋ ላይ ወንድሜ በመኪናው ውስጥ እየጠየቀኝ የጻፋቸው ቃላት አሉ፤ ፊደሉ ትልልቅ፣ የ12 ዓመት ልጅ ፊደል ነው። ገመድ። ኮርቻ። ችግኝ። እርከን። ሲኒ።